ግንቡ ከመቆሙ በፊት ዳሩን የናደው ውኃ ይታወቅ፦ ስለ ሐይቅ ዳር ጥበቃ ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በመስከረም መጀመሪያ ለሁለት ሌሊት የዘለቀው ከባድ ነፋስና ዝናብ የግልገል ጊቤን ሐይቅ ዳር በየቦታው ንዶ ካለፈ በኋላ፣ ሐይቁ በግንብ ይታጠር የሚል አንድ ረጅም ጽሑፍ ከጅማ እስከ ሰኮሩ ባለው መስመር በብዙ ሰው ስልክ ላይ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ሁለት የአሰንዳቦ ሰዎችና አንድ የጅማ ባልደረባዬ ልከውልኛል፤ ሦስቱም የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እንዲህ ቢደረግ ዳሩ ይያዛል ወይ?» ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም። ጸሐፊው መሬቱ ሲናድ አይተው ተቆጭተዋል፤ የግንባታ ሙያ ያላቸው መሆኑንም አገላለጻቸው ያሳያል። ይሁን እንጂ ያቀረቡት መፍትሔ በአብዛኛው የሚጎዳ ነው ብዬ ስለማምን፣ በሐይቁ ዳር የሚኖሩ አንዳንድ ሰዎችም ለድንጋይና ለሲሚንቶ ገንዘብ ስለማዋጣት መነጋገር ስለጀመሩ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ ዓመታት የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ የሚለው ይህ ነው። ዳሩን የናደው ማዕበል ብቻ ስለሆነ፣ ማዕበሉን የሚመልስ ቀጥ ያለና በሲሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ በተጋለጠው ዳርቻ ሁሉ ላይ መቆም አለበት፤ ለዚህም የሐዋሳ ሐይቅ ዳር በአስረጅነት ተጠቅሷል። ግንቡ እስኪሠራ ድረስ የተናደው ቦታ ሳይውል ሳያድር በአፈር ተሞልቶ ይጠቅጠቅ። ቬቲቨርና መሰል ሣሮች ተሞክረው ከሽፈዋል፤ የግድ ተክል ካስፈለገም ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ይሻላል። ለግንብ አቅም የሌለው ቀበሌ ከከተማ የሚወጣ የግንባታ ፍርስራሽ አስጭኖ በዳሩ ላይ ቢደፋ ያገለግለዋል። በመጨረሻም የጥፋቱ ሥር ገበሬው እስከ ውኃው አፍ ድረስ ማረሱ ስለሆነ በሕግ ይከልከል ይላል።

ሌላው ሁሉ የቆመው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። ማዕበል ዳር እንደሚበላ የሚክድ የለም። የማዕበል ቁመት የሚወሰነው በነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ በቆየበት ጊዜና ሳይከለል በውኃው ላይ በሚሮጥበት ርቀት ነው፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን የተሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ማዕበል የወራት ትንንሽ ሞገድ ያላደረገውን ሊያደርግ ይችላል፤ ጸሐፊው ይህን ማስረዳታቸው ተገቢ ነው። ስሕተቱ ያለው «ብቻ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ነፋሱ ካለፈ በሦስተኛው ቀን በአሰንዳቦ በኩል ያለውን ዳር በእግሬ ዞሬ አይቼዋለሁ፤ በጥቅምት መጨረሻም ተመልሼ ሄጃለሁ። በእነዚህ ሁለት ጉብኝቶች ያየሁት ናዳ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊው የገለጹት ነው። ለሰፊው ውኃ ፊት ለፊት በተጋለጠው ቦታ ማዕበሉ የዳሩን ግርጌ ቦርቡሮ፣ ላዩ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ተንጠልጥሎ ከቆየ በኋላ ወድቋል። ሁለተኛው ግን ማዕበሉ ሲመታ ያልወደቀ፣ ነፋሱ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ሐይቁ መሸሽ ሲጀምር የወረደ ናዳ ነው። ከዳሩ ሦስትና አራት እርምጃ ገባ ብሎ ከውኃው ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ መጀመሪያ ይታያል፤ ቆይቶም ቁራሹ በሙሉ በማንኪያ እንደተዛቀ ሆኖ ተቆርጦ ይንሸራተታል። ይህን ያደረገው በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ዳሩ ከጎኑ ውኃ ይጠጣል፤ ዝናቡም ከላይ ይጨምርበታል። ሐይቁ ሲወርድ ዳሩን ከፊት ይደግፈው የነበረው የውኃ ክብደት ይነሳል፤ አፈሩ፣ በተለይም ጥቁሩ ዋልካ፣ የጠጣውን ግን ቶሎ አይለቅም። ከብዶ፣ ረጥቦና ድጋፉን አጥቶ የቆመ መሬት ይወርዳል። ሦስተኛውን ዓይነት ያየሁት ነፋስ በማይደርስበት አንድ ጠባብ የሐይቁ ክንድ ውስጥ ነው። እዚያ ማዕበል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከላይኛው ማሳ የወረደ ጎርፍ ከብቶች ወደ ውኃ በሚወርዱበት መንገድ ተሰብስቦ፣ በዳሩ ላይ እንደ ፏፏቴ እየወደቀ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቦረቦር ቆፍሯል።

ጽሑፉ የሚያዘው ግንብ ሦስተኛውን ናዳ ጭራሽ አይነካውም፤ ጎርፉ በግንቡ አናት ላይ ተሻግሮ ከኋላው ይቆፍራልና። ሁለተኛውን ደግሞ ያባብሰዋል። በሲሚንቶ የተያያዘ ግንብ ከጀርባው ጠጠር ካልተሞላለትና የውኃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ካልተተወለት ውኃ ያስራል። ከጀርባው ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ቢታሰር በእያንዳንዱ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ ሁለት ቶን ያህል ይገፋል፤ ከፍታው ሦስት ሜትር ቢሆን ግፊቱ አራት ቶን ተኩል ይደርሳል፤ ይህም የአፈሩ ግፊት ሳይጨመርበት ነው። ሐይቁ ከፊት ሲሸሽ ይህን የሚመክት ነገር የለም። የጅማ ግንበኞች ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ በከተማው ተዳፋት ላይ በክረምት ሆዳቸው ወደ ውጭ ተነፍቶ የሚፈርሱት የግቢ ግንቦች ብዙውን ጊዜ የሚገፉት ከጀርባቸው በታሰረ ውኃ ነው። ጸሐፊው ስለ ማስተንፈሻ ቀዳዳም ሆነ ከግንቡ ጀርባ ስለሚሞላው ጠጠር አንድ ቃል አለመጻፋቸው አሳስቦኛል፤ ጽሑፋቸውን እንደ መመሪያ ይዞ የሚሠራ ሰው ቀዳዳውን አይተውምና።

በመጀመሪያው ዓይነት ናዳ ላይስ ቢሆን? ቀጥ ያለ ግንብ የማዕበልን ጉልበት ወደ መጣበት ይመልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የተመለሰው ከሚመጣው ጋር ሲጋጭ በግርጌው ላይ ያለውን አፈር ያናውጠዋል፤ መሠረቱ ቀስ በቀስ ይራቆታል። ግንቡ በሚያልቅበት ጫፍ ደግሞ ማዕበሉ ዞሮ ያልተገነባውን ዳር ይበላል። ከዓመታት በፊት በሌላ ወረዳ ባለ አንድ የግድብ ውኃ ዳር፣ አንድ ድርጅት ግቢውን ለመከላከል ያሠራውን ሃምሳ እርምጃ ያህል የሚረዝም ግንብ ለማየት ተጠርቼ ነበር። በሦስተኛው ክረምት ስደርስ የግንቡ ፊት አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም፤ ነገር ግን ከመሠረቱ ሥር ክንዴን እስከ ትከሻዬ ማስገባት እችል ነበር። በሁለቱም ጫፍ ያሉት የገበሬ ማሳዎች ከግንቡ መስመር ወደ ውስጥ ገብተው ተበልተዋል። የአንደኛው ማሳ ባለቤት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ እኛ ምን በደልናቸው?» ያሉኝን አልረሳውም። ግንቡን ያሠሩት ሰዎች ማንንም ለመበደል አላሰቡም፤ ውኃው ከእነሱ ሲመለስ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቁም እንጂ።

በግልገል ጊቤ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ችግር አለ። ይህ ውኃ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው የ184 ሜጋ ዋት ማመንጫ ማጠራቀሚያ ነው። ከ9 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ዋሻ ወደ ማመንጫው የሚሄደው ውኃ የሚቀዳው ከዚህ ስለሆነ፣ ሐይቁ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ደግሞ ብዙ ሜትር ወርዶ ሰፊ ራቁት ዳገት ያሳያል። ታዲያ ግንቡ በየትኛው ከፍታ ላይ ሊቆም ነው? በመስከረሙ የውኃ ልክ ላይ ከቆመ፣ በበልግ የሚነሣው ነፋስ ከመሠረቱ በታች ያለውን ራቁት አፈር ይበላል። በበጋው ልክ ላይ ከቆመ ደግሞ በክረምት ይሰጥማል፤ ማዕበሉም በላዩ አልፎ ዳሩን ይመታል። የውኃው ልክ በየወሩ ለሚለዋወጥ ሐይቅ ለሁሉም ልክ የሚያገለግል ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም ተዳፋት ነው። 1,700 ሜትር የሚረዝመውና 40 ሜትር ከፍታ ያለው ያ ግድብ ራሱ እኮ የድንጋይ ሙሌት ግድብ ነው፤ ውኃውን የያዘው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ግርጌው ሰፍቶ፣ ጎኑ ተዳፋት ሆኖ ነው።

የሐዋሳው ምሳሌ ከዚህ ጋር አይሄድም። በከተማው በኩል የተሠራው መከላከያ የታሰበው በዋናነት ከፍ እያለ የመጣው የሐይቅ ውኃ ወደ ከተማው እንዳይገባ ነው። ሐዋሳ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ስለሆነ የውኃው ልክ የሚለወጠው በዓመታት ውስጥ ነው፤ የእኛው የሚለወጠው ግን ተርባይን በዞረ ቁጥር ነው። ጎርፍን ወደ ኋላ ማስቀረትና የሚናድ ዳርን መያዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ግንብ ምንም ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። መኖሪያ ቤት፣ መስጊድ፣ የፓምፕ ቤት ወይም የድልድይ እግር ከዳሩ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ካለ፣ ዳሩን አስተኝቶ ለመሥራት ቦታ የለምና ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ወይም ማስተንፈሻው የተሟላ የድጋፍ ግንብ የግድ ይሆናል። ጋቢዮን ሲሆን ይሻላል፤ ውኃ ያሳልፋል፣ መሠረቱ ትንሽ ቢሰምጥም ሳይሰበር ይጎብጣል። ሽቦው ግን በጊዜ ብዛት ይዝጋል፤ የማይሰረቅበት ቦታ መሆኑም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በሌላው ሰፊ ዳር ላይ የሚያዋጣው ያልተያያዘ ድንጋይ በተዳፋት ላይ መደርደር ነው። በድርድሩ መካከል የሚገባው ማዕበል በየክፍተቱ እየተሰበረ ይደክማል፤ ከአፈሩ የሚወጣው ውኃም በዚያው ክፍተት በነጻ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሥራውን የሚያበላሹ ሁለት ስሕተቶች በብዛት አያለሁ። አንደኛው ድንጋዩን በቀጥታ በአፈር ላይ መደርደር ነው፤ ውኃው ሲገባና ሲወጣ ደቃቁን አፈር በድንጋዩ መካከል እየመጠጠ ያወጣዋል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ድርድሩ ይሰምጣል። ከሥሩ የጠጠር ንጣፍ ወይም በግንባታ ገበያ ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ መግባት አለበት። ሁለተኛው ግርጌውን ሳይቀብሩ ከላይ መጀመር ነው፤ የታችኛው ረድፍ ትልልቅ ድንጋይ ሆኖ በቦይ ውስጥ ካልተቀበረ የላዩ ሁሉ ተንሸራቶ ይወርዳል። ዳሩ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ እንዲተኛ ይቆረጣል። ይህ መሬት ይወስዳል፤ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ዳር ቢያንስ ስድስት ሜትር ማሳ ይጠይቃል። ማሳው ጠባብ ለሆነ ሰው ይህን መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በፈቃድ ያልተሰጠውን ስድስት ሜትር ውኃው በራሱ ጊዜ ይወስደዋል፤ ከዚያም አያቆምም።

የተናደውን ቦታ ቶሎ በአፈር ሙሉ የሚለው ምክር ከችኮላ የመጣ ነው፤ ችኮላውንም እረዳለሁ። ናዳው የወረደበት ገጽ የተላገና እርጥብ ነው። በዚያ ላይ በገልባጭ መኪና የሚደፋ አፈር ከነባሩ ጋር አይያያዝም፤ ይልቁንም ለደከመው ዳር ተጨማሪ ሸክም ይሆንበትና በሚቀጥለው ዝናብ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። መሙላት ካስፈለገ ግርጌው በድንጋይ ከተያዘ በኋላ፣ የናዳው ገጽ በደረጃ ደረጃ ተቆርጦ፣ አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ነው። አሁን፣ በዚህ ሳምንት፣ ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች ግን አሉ፤ በአጣዳፊነቱ ከጸሐፊው ጋር የምስማማውም እዚህ ላይ ነው። ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱት ስንጥቆች ዝናብ እንዳይገባባቸው በጭቃ አፈር ይደፈኑ፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ተይዞ ወደ ድንጋያማ ወይም ሣር ወደ ለበሰ መውረጃ ይመራ፤ ከብትና ሕፃናት ከተሰነጠቀው ዳር ይራቁ። ይህ ገንዘብ ሳይሆን ጉልበት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ በአንድ ቀን ደቦ ያልቃል።

ቬቲቨር ከሽፏል የሚለው አባባል ለእኛ ለጅማዎች በተለይ ይከብደናል። ይህ ሣር ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያስገባውም እዚሁ መልኮ ያለው የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል ነበር፤ ለቡና ማሳ አፈር ጥበቃና ጉዝጓዝ። ዛሬ በብዙ አካባቢዎች የእርከን ጠርዝ የያዘው ቬቲቨር የዘር ሐረጉ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥታ ወደ ታች ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ይወርዳል፤ ዘር ስለማያፈራ ወደ ማሳ ገብቶ አረም አይሆንም፤ ረድፉ ሲገጥም ደለል ከኋላው ይይዛል። ጸሐፊው ከሽፎ ያዩት እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔም አይቻለሁ። ከሽፎ ባየሁበት ቦታ ሁሉ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነበር። አንዱ ጋ ዝናቡ ሊያቆም ሲል በነሐሴ መጨረሻ ተተከለ፤ ሌላው ጋ ግንጣዮቹ በእርምጃ ተራርቀው ስለተተከሉ ጎርፉ በመካከላቸው አለፈ፤ ሦስተኛው ጋ ገና ለጋ ሳለ ከብት ጨረሰው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተቀራርቦ፣ በዝናቡ መግቢያ ተተክሎ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከከብት ተጠብቆ የከሸፈ ረድፍ ግን አላየሁም። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያላሟላ ሙከራ የሣሩን አቅም አይለካም፤ ሲሚንቶ ሳይበቃው የተሠራ ግንብ ቢፈርስ «ግንብ ከሽፏል» እንደማንል ማለት ነው።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ የሣሩ ወዳጆችም ልንቀበለው ይገባል። ሣር ብቻውን ማዕበል በሚመታው ግርጌ ላይ አይቆምም። ሥሩ ገና ሳይይዝ ማዕበሉ ይነቅለዋል፤ ጥላ ሥር ከተተከለም ይመነምናል። ቦታው ከድንጋዩ መስመር በላይ፣ በተዳፋቱ መካከልና አናት ላይ ነው፤ ዝናቡ የሚያጥበውንና ጎርፉ የሚቆፍረውን አፈር የሚይዘው እዚያ ነው። ለእርጥቡ ክፍል በየወንዛችን ዳር የሚበቅለው አኻያ አለ፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ በእርጥብ አፈር ሲተከል ሥር ያወጣል፣ በድንጋዩ ክፍተት ውስጥ ገብቶም ድርድሩን ያስራል። ከእሱ ኋላ ዶቅማ ለዘለቄታው ጥሩ ነው። የውኃ ዳር ተክሎች፣ ፊላውና ቄጠማው፣ የማዕበልን ጉልበት የሚያደክሙ ቢሆኑም፣ የውኃው ልክ ብዙ ሜትር በሚወርድበት በዚህ ሐይቅ በሰፊው ዳር ላይ አይጸኑም፤ በበጋ በደረቅ ይቀራሉ። ጅረት በሚገባባቸውና ዓመቱን ሙሉ በሚረጥቡት ክንዶች ውስጥ ግን ይበቅላሉ። በመስከረሙ ነፋስ ጊዜም ፊላ ጥቅጥቅ ብሎ በቆመባቸው እንዲህ ባሉ ቦታዎች አንድ ቅርጫት የምታህል አፈር እንኳ ስትወድቅ አላየሁም። ይህ ፊላ ተነቅሎ ዳሩ ለእርሻ ወይም ለጡብ አፈር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጅማ ከተማ ጠርዝ ያለውን የቦዬን ረግረግ መጎብኘት ይበቃል።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገሩት ስለ ዕድገት ፍጥነቱ ነው፤ በዚያ አልከራከርም። ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚሰጠውን ጥቅም፣ በየገበሬው ደጃፍ እንደ ቁጠባ ደብተር መቆጠሩንም አውቃለሁ። በዳር ላይ ግን ፍጥነቱ ራሱ ጠላት ነው። ከሥሩ ሣር ሲጠፋ የአፈሩ ገጽ ለዝናብ ጠብታ ይራቆታል፤ ከፍ ብሎ የሚበቅለው ግንድ ነፋስ ይይዛል፣ ግርጌው በተቦረቦረ ዳር ላይ ሲቆም ደግሞ እንደ ረጅም መፈንቀያ ይሠራል። ነፋሱ ካለፈ በኋላ በሦስት ቦታ የተገነደሰ ባሕር ዛፍ አይቻለሁ፤ እያንዳንዱ ሲወድቅ ሥሩ ያቀፈውን አንድ የቤት ክፍል የሚያህል አፈር ይዞ ነው የወረደው። በኮረብታው ላይ፣ ከዳሩ ርቆ ይተከል፤ በዳሩ ላይ ግን አይሁን።

ስለ ፍርስራሹ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የክብደትን ነገር ማንሳት ይበቃል። ድንጋይ ውኃ ውስጥ ሲገባ የተካውን ውኃ ያህል ክብደት ያጣል። አንድ ሜትር ኪዩብ ጥቁር ድንጋይ በየብስ 2.8 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በውኃ ውስጥ 1.8 ቶን ይቀረዋል። የኮንክሪት ስባሪ ከ2.4 ወደ 1.4 ይወርዳል፤ ጡብና ብሎኬት ከዚያም በእጅጉ ያነሰ ይቀራቸዋል፤ ማዕበል ያንሳፍፋቸዋል ባይባልም በቀላሉ ያንከባልላቸዋል። ጠፍጣፋ የሆነው ስባሪ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር አይጠላለፍም። በውስጡ የሚቀረው ፌሮና የተሰበረ መስታወት ከብት የሚጠጣበትን፣ ልጆች የሚዋኙበትንና ዓሣ አጥማጁ በባዶ እግሩ የሚገባበትን ዳር አደገኛ ያደርገዋል። ንጹሕ የኮንክሪት ስባሪ ፌሮው ተቆርጦለት ከድንጋይ ድርድሩ ሥር ለመሙያ ቢውል አልቃወምም፤ በገልባጭ መኪና ከላይ ይደፋ የሚለውን ግን መቀበል አልችልም።

ገበሬው እስከ ውኃው አፍ ማረሱ ጉዳት እንዳለው እስማማለሁ። ወደ ዳሩ የሚወርድ ፈር ለጎርፍ የተከፈተ በር ነው፤ ሦስተኛው ዓይነት ናዳ በከፊል የመጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው እንደጻፉት ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። ግድቡ ሲሞላ ለም መሬቱን ለውኃ ለቆ የተነሣ ሰው ብዙ ነው፤ የቀረው ማሳ ጠባብ ስለሆነ ነው እስከ ጠርዙ የሚያርሰው። ባዶ ክልከላ ሌሊት ይጣሳል። ዳሩ ላይ የሚተወው የሣር ቀበቶ ታጭዶ ለከብት የሚሆን የዝሆን ሣር፣ ለቤት ክዳንና ለጉዝጓዝ የሚሆን ቬቲቨር የሚያወጣ ከሆነ ግን ባለቤቱ ራሱ ይጠብቀዋል። ከብቱም ውኃ መጠጣቱ አይቀርም፤ በየቦታው ዳሩን እየረገጠ ከሚወርድ፣ በየሰፈሩ አንድ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ ቢሠራለት በዚያ ይሄዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ድንጋይ ጽሑፉ ለግንብ ከሚጠይቀው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ከዳሩ የሚወርደው አፈር በገበሬው ኪሳራ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚተኛው ደለል ውኃ የሚቀመጥበትን ቦታ ይወስዳል፤ በዚያው ውኃ የሚሠራው ደግሞ የመጀመሪያው ማመንጫ ብቻ ሳይሆን ከእሱ ወጥቶ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ የሚሄደው ውኃ የሚያዞረው የ420 ሜጋ ዋቱ ግልገል ጊቤ ሁለትም ነው። ስለዚህ ወጪው በዳሩ በሚኖሩት ሰዎች መዋጮ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም፤ ጸሐፊው ይህን ባለማንሳታቸው አዝኛለሁ፤ ድምፃቸው ብዙ ሰው ጋ ይደርሳልና።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው መኪና ድንጋይ ከመራገፉ በፊት፣ ግንብ ይሠራባቸው ካሏቸው ቦታዎች ሦስቱን ይምረጡ። በእያንዳንዳቸው ከዳሩ ጠርዝ አምስት ሜትር ወደ ውስጥ፣ በየአሥር እርምጃው አንድ ካስማ እንትከል፤ ከካስማው እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተን እንጻፍ። ውኃው እየሸሸ ሳለ በታኅሣሥና በየካቲት፣ የበልጉ ነፋስ ካለፈ በኋላ በግንቦት፣ ሐይቁ ሲሞላ ደግሞ በመስከረም ደግመን እንለካ። ዳሩ የሚወድቀው ማዕበል ሲመታው ነው ወይስ ውኃው ሲሸሽ ወይስ ጎርፍ ሲወርድበት የሚለውን ያ ደብተር ይነግረናል። ካስማውን እኔ አመጣለሁ፤ የአሰንዳቦዎቹም ሁለት ሰዎች ለመለካት ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል።